የአውሮፕላን ጥገና እንግሊዝኛ ከየት መጣ? ለልጆቻችንስ ምን ይነግራቸዋል?



ማንኛውም ሙያ የራሱ ቋንቋ አለው። በጎንደር አካባቢ አባቶቻችን ብረት ሲቀጠቅጡ፣ እናቶቻችን ሸክላ ሲሠሩ፣ ሸማኔዎቻችን ሲሸምኑ የሚግባቡባቸው የሙያ ቃላት ነበሯቸው። ወናፍ፣ ጉጠት፣ መዶሻ፣ መወርወሪያ፣ ድርና ማግ የሚሉትን ቃላት ልጁ የተማረው ደብተር ይዞ አይደለም። ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ዕቃ እያቀበለ ነው የለመደው። ስሙን ያላወቀ ዕቃውን ሊያቀብል አይችልም፤ ዕቃ ያላቀበለም ሙያውን አይለምድም። የአውሮፕላን ጥገናም ከዚህ የተለየ አይደለም። ልዩነቱ የሙያው ቋንቋ እንግሊዝኛ መሆኑ ነው።

በማኅበራዊ ሠራተኛነቴ ከቤተሰቦች ጋር ስለ ልጆች ትምህርት ስንነጋገር «ልጃችን እጁ ወርቅ ነው፤ የተሰበረ ነገር ሁሉ ይጠግናል፤ ግን እንግሊዝኛው ደካማ ስለሆነ አውሮፕላን የመሰለ ሙያ ለእሱ አይሆንም» የሚል አነጋገር ደጋግሜ እሰማለሁ። አንዳንድ ጊዜ ይህን የሚለው ወላጅ ሳይሆን ልጁ ራሱ ነው። አነጋገሩ ትክክል መሆን አለመሆኑን ለመመዘን፣ ይህ እንግሊዝኛ እንዴት እንደተፈጠረና ለማን ተብሎ እንደተዘጋጀ ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ነው። አሜሪካ በጦርነቱ ጊዜ ዲሲ-3 የተባለውን አውሮፕላንና ሲ-47 የተባለውን የጦር ሠራዊት ወንድሙን በብዛት ሠርታ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ብዙዎቹ ትርፍ ሆኑና ለዓለም ሁሉ ተሸጡ። አውሮፕላኑ በሄደበት ሁሉ ማኑዋል የሚባለው የጥገና መመሪያ መጽሐፍም አብሮት ሄደ፤ መጽሐፉም የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር። 

ኢትዮጵያም ከገዢዎቹ አንዷ ነበረች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 መጨረሻ ተቋቋመ፤ ኤፕሪል 8 ቀን 1946 የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። አስተዳደሩን በውል የያዘው ቲ.ደብልዩ.ኤ. የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ስለነበር፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብራሪዎቹም መካኒኮቹም በአብዛኛው አሜሪካውያን ነበሩ። ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ከእነሱ ሥር ሆነው ሙያውንና ቋንቋውን አንድ ላይ ተማሩ። በ1960ዎቹ አየር መንገዱ በራሱ ትምህርት ቤት አብራሪዎችንና የጥገና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። እንግሊዝኛ በቤታቸው የማይነገር ሰዎች በሩብ ምዕተ ዓመት ውስጥ ሥራውን በእጃቸው አስገቡ ማለት ነው።

በእስራኤልም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በ1953 አሜሪካዊው አል ሽዊመር «ቤዴክ» የተባለውን የአውሮፕላን ጥገና ድርጅት በሎድ መሠረተ። ቤዴክ አድጎ ዛሬ የእስራኤል የአየርና የጠፈር ኢንዱስትሪ የምንለውን ትልቅ ድርጅት ወለደ። ስሙ ዕብራይስጥ ነው፤ በጥገና አዳራሹ የሚነገረውም ዕብራይስጥ ነው። መመሪያውና በመለዋወጫው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ግን እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ በዚህ አገር የተወለደውም ሠራተኛ ቢሆን በጆሮው አንድ ቋንቋ፣ በዓይኑ ሌላ ቋንቋ ይዞ ነው የሚሠራው። በዚህ ረገድ የእኛ ልጅና የጎረቤቱ ልጅ እኩል እንግዳ ናቸው።

አውሮፕላኖች እየተራቀቁ ሲሄዱ ችግር መጣ። እያንዳንዱ አምራች መጽሐፉን በፈለገው ቅደም ተከተል ስለሚጽፍ፣ አንዱን ያወቀ ቴክኒሺያን ሌላው ላይ እንደገና ጀማሪ ይሆን ነበር። በ1956 የአሜሪካ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ለሁሉም የሚሆን የምዕራፍ ቁጥር አወጣ። በዚህ ሥርዓት ምዕራፍ 24 ኤሌክትሪክ፣ 27 የበረራ መቆጣጠሪያ፣ 28 ነዳጅ፣ 29 ሃይድሮሊክ፣ 32 የማረፊያ ጎማ ነው። አምራቹ ቢለወጥም ቁጥሩ አይለወጥም። ዛሬም ቴክኒሺያኖች በዚሁ ቁጥር ይግባባሉ።

ለእኛ ቅርብ የሆነ ምሳሌ ልስጥ። በሜይ 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ጊዜ ውስጥ ወደ እስራኤል ሲገቡ፣ ብዙ ሰው እንዲያሳፍሩ የአውሮፕላኖች መቀመጫ ተነቅሎ ነበር። አንዱ ጃምቦ ብቻውን ከ1,000 በላይ ሰው አምጥቷል። መቀመጫ መንቀልና መግጠም በመመሪያው ውስጥ ምዕራፍ 25 ላይ የሚገኝ ሥራ ነው። ወላጆቻችን ወለሉ ላይ ተቃቅፈው ሲቀመጡ፣ ቦታውን ያሰፋላቸው ስማቸው የማይታወቅ የቴክኒሺያኖች እጅ ነበር።

ቁጥሩ አንዱን ችግር አቃለለ፤ ቋንቋው ራሱ ግን ከባድ እንደሆነ ቆየ። ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል፤ አንድ ቃል ሦስትና አራት ትርጉም ይይዛል። በ1970ዎቹ መጨረሻ የአውሮፓ አየር መንገዶች ለአምራቾቹ «መጽሐፋችሁን የሚያነቡት አብዛኞቹ ሰዎች እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አይደለምና አንድ ነገር አድርጉ» የሚል ጥያቄ አቀረቡ። ከጥናትና ከውይይት በኋላ በ1986 «ቀላል እንግሊዝኛ» የተባለው መመሪያ ወጣ። በ2005 ደግሞ «ቀላል የቴክኒክ እንግሊዝኛ» በሚል ስም ዓለም አቀፍ መስፈርት ሆነ። እስከ ዛሬም እየታረመ ይታተማል።

ሕጎቹ ለአዲስ ተማሪ እጅግ የሚያበረታቱ ናቸው። የተፈቀዱት አጠቃላይ ቃላት ወደ 900 ገደማ ብቻ ናቸው፤ በእነሱ ላይ የመሣሪያዎችና የክፍሎች ስም ይጨመራል። የሥራ ትእዛዝ የያዘ ዓረፍተ ነገር ከ20 ቃላት አይበልጥም፤ ማብራሪያ ከ25 አይበልጥም። አንድ ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ይኖረዋል። ለምሳሌ «ክሎዝ» ተብሎ የሚጻፈው ቃል በተለመደው እንግሊዝኛ መዝጋትም ቅርብም ማለት ሊሆን ይችላል፤ በዚህ እንግሊዝኛ ግን መዝጋት ብቻ ነው። «ፎሎው» የሚለው ከኋላ መምጣት ብቻ ነው፤ ትእዛዝ ማክበር ሲሆን ሌላ ቃል ይገባል። «ዋርኒንግ» የሚል ከተጻፈ ሰው ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው፤ «ኮሽን» ከተባለ ዕቃው ሊበላሽ ይችላል ማለት ነው። ይህ እንግሊዝኛ ለእንግሊዞች ተብሎ የተሠራ አይደለም። ለእኛ ዓይነት ሰዎች ሲባል በልክ የተቆረጠ ልብስ ነው።

እንዲያውም አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ አንድ ጥቅም አለው። በእንግሊዝኛ «ፊውል ፓምፕ ስዊች» ሲባል በአማርኛ «የነዳጅ ፓምፕ ማብሪያ» እንላለን፤ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። ዕብራይስጡ ግን ተገልብጦ «ሜቴግ ማሽኤቫት ሃዴሌክ» ይላል፤ ማብሪያው ፊት ይመጣል። ስለዚህ ልጁ እንዲህ ያለውን ረጅም ስም ሲያገኝ በአማርኛ ቢያስበው ቶሎ ይገባዋል። በቤት የምንናገረው ቋንቋ ሸክም ሳይሆን መሰላል የሚሆንበት ጊዜ አለ። በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የገባ ወላጅም ፊዚክስና ሒሳብ የተማረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ብዙ ቃላት ሊያውቅና ልጁን ሊያግዝ ይችላል።

ይሁን እንጂ ቃል ማወቅ ብቻውን አይበቃም። ጁላይ 23 ቀን 1983 በካናዳ የሆነውን እንመልከት። አዲስ ቦይንግ 767 አውሮፕላን የነዳጅ መለኪያው ስላልሠራ፣ ሠራተኞቹ ነዳጁን በዘንግ ለክተው በእጅ አሰሉ። አውሮፕላኑ የሚያስፈልገው 22,300 ኪሎ ግራም ነበር። ሊትሩን ወደ ክብደት ለመለወጥ 1.77 በሚለው ቁጥር አባዙ። ይህ ቁጥር ግን ለፓውንድ ነው፤ ለኪሎ ግራም የሚሆነው 0.8 ገደማ ነበር። አውሮፕላኑ ከሚፈለገው ግማሽ በማይሞላ ነዳጅ ተነሣ፤ በበረራ ላይ ሳለ ሁለቱም ሞተሮች ቆሙ። አብራሪዎቹ ያለ ሞተር እያንሳፈፉ ጊምሊ በተባለ የቀድሞ የአየር ኃይል ሜዳ አሳረፉት፤ ከ69ኙ ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች አንድም ሰው አልሞተም።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች እንግሊዝኛ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። የጎደለው ቋንቋ አይደለም። ከቁጥሩ በኋላ «የምን?» ብሎ መጠየቅ ነው የጎደለው፤ 1.77 የምን ነው? የፓውንድ ወይስ የኪሎ?

ይህ ነገር እኛን በተለይ ይመለከተናል። በባህላችን ታላቅ ሲናገር አንገትን ደፍቶ «እሺ» ማለት ጨዋነት ነው፤ ደግሞ መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ይህ ጨዋነት በቤታችን ውብ ነው፤ ልጆቻችንም ሊተዉት አይገባም። በአውሮፕላን ጥገና ቦታ ግን ያልገባው ሰው «እሺ» ካለ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። እዚያ «አልገባኝም፣ ድገሙልኝ» ማለት ነው አክብሮት፤ አክብሮቱም ለተሳፋሪው ነው። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? ለልጆቻችን ሁለቱንም ማስተማር አለብን፤ የት ዝም እንደሚባልና የት እንደሚጠየቅ።

የአሜሪካ ሕግ የአውሮፕላን መካኒክ ፈቃድ የሚወስድ ሰው እንግሊዝኛ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገርና መረዳት እንዲችል ያዛል። የአውሮፓው ሕግ ደግሞ ፈራሚው ቴክኒሺያን መመሪያው የተጻፈበትን ቋንቋ እንዲያውቅ ይጠይቃል። ስለዚህ «እንግሊዝኛ አያስፈልግም» ብዬ ላታልላችሁ አልችልም። የባግሩት እንግሊዝኛም በሦስት፣ በአራትም ሆነ በአምስት የሒዶት፣ ለቀጣይ ትምህርት መንገድ ስለሚከፍት ሊናቅ አይገባም፤ የቴክኒኩ እንግሊዝኛ እሱን አይተካውም። እኔ የምለው ሁለቱ የተለያዩ ናቸው ነው። ልብ ወለድ አንብቦ መተንተን የከበደው ልጅ፣ አጫጭር ትእዛዞችን አንብቦ በትክክል መፈጸም ሊችል ይችላል። በአንዱ ስለወደቀ ከሌላው መባረር የለበትም።

ስለዚህ የተከበራችሁ ወላጆች፣ በትምህርት ቤት «ልጃችሁ በእንግሊዝኛ ደካማ ስለሆነ ወደ ቴክኒክ ክፍል አይገባም» ከተባላችሁ ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁ። የትኛው እንግሊዝኛ? በምን ተፈተነ? ለማሻሻል ምን ድጋፍና ስንት ጊዜ ይሰጠዋል? መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ካስፈለገም አማርኛ የሚችል አስተርጓሚ ይዛችሁ ግቡ። በቤት ደግሞ ልጁ በየቀኑ ጥቂት የሥራ ቃላትን ይማር፤ ማውጣት፣ መግጠም፣ መፍታት፣ ማጥበቅ፣ መመርመር። ቃሉን በእንግሊዝኛ፣ በዕብራይስጥና በአማርኛ ጎን ለጎን ይጻፍ፤ ከዚያም ብስክሌትም ሆነ የበር ማጠፊያ እየፈታ በእጁ ይሞክረው። ቁጥር ሲጽፍ ሁልጊዜ መለኪያውን አብሮ ይጻፍ።

በ2021 የኢትዮጵያ አየር መንገድና የእስራኤል የአየርና የጠፈር ኢንዱስትሪ፣ ቦይንግ 767 የመንገደኛ አውሮፕላኖችን ወደ ዕቃ ጫኝነት የሚለውጥ ማዕከል በአዲስ አበባ ለማቋቋም ስምምነት ተፈራርመዋል። የሎድና የአዲስ አበባ ቴክኒሺያኖች ለእንዲህ ያለ ሥራ ሲገናኙ፣ በሥራው ላይ የሚያግባባቸው መጽሐፍ ያው በልክ የተቆረጠው እንግሊዝኛ ነው። አማርኛውንም፣ ዕብራይስጡንም፣ ይህን እንግሊዝኛም የሚያውቅ ወጣት በሁለቱም በኩል ተፈላጊ ይሆናል። እንዲህ ያለ ወጣት የሚገኘው ደግሞ በእኛ ቤት ነው።

ቸር ይግጠመን።