የቴአትር ዲግሪ ዕዳ፦ ከአንድ ዓመት አገልግሎት እስከ ደመወዝ ቆረጣ

አሪቻን የዓለም ቡና ነጋዴዎች ያውቋታል። በይርጋ ጨፌ ወረዳ ያለችው ይህች ቀበሌ ስሟ ባሕር ተሻግሮ በቡና ከረጢት ላይ ይጻፋል። አሪቻ ውስጥ ግን የቡና ብር ወደ ገበሬው ቤት የሚገባው በዓመት አንድ ወቅት ነው፤ ቀዩ እሸት ሲለቀም። ከዚያ ውጭ ያለውን ጊዜ የሚያሳልፈው እንሰቱ ነው። ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ ልጅ "ቴአትር ልማር" ቢል የአባቱ ጥያቄ አስቀድሞ ይታወቃል፦ "ከዚያስ ምን ልትበላ ነው?"

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያዊ ተማሪ ለአገሩ ያለበት ዕዳ ሁልጊዜ በብር ሲቆጠር አልኖረምና።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ሲከፈት ትምህርቱ በነፃ ነበር። መንግሥት የሚፈልገው ገንዘብ ሳይሆን የተማረ ሰው ነበር። በ1957 ግን ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን አንድ ነገር ጠየቀ፦ ዲግሪ ከመቀበላችሁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዳችሁ አገልግሉ። የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ይኸው ነው። አብዛኞቹ ዓመቱን በየአውራጃው ትምህርት ቤት በማስተማር አሳለፉት። ዕዳው በጊዜና በጉልበት ይከፈል ነበር፤ ተከፍሎም ያልቅ ነበር።

በዚያ ዘመን የቴአትር ዲግሪ የሚባል ነገር በአገር ውስጥ አልነበረም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም "ፋቡላ"ን የጻፉት ከአውሮፓ ተምረው ከመጡ በኋላ ነው። በ1927 አገር ፍቅር ሲቋቋም ተዋናዮቹ ሙያውን የለመዱት እዚያው መድረክ ላይ ነው። ቀጥሎ የውጭ ትምህርት ዕድል መጣ። ፀጋዬ ገብረ መድኅን ለንደንና ፓሪስ ሄዶ ቴአትር አየ። ተስፋዬ ገሠሠ አሜሪካ፣ ወጋየሁ ንጋቱና ደበበ እሸቱ ሃንጋሪ ተማሩ። በ1948 የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ደመወዝ የሚከፍል መድረክ ነበር። የተማረው ሰው ጥቂት፣ ቀጣሪው ደግሞ መንግሥት ነበረ። "ምን ልትበላ ነው?" ለሚለው ጥያቄ መልስ ነበረው።

ደርግ ሲመጣ ዕዳው ከአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ ዘመቻ ተቀየረ። በ1967 የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪውንና መምህሩን ወደ ገጠር አወጣ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ክፍል ከፈተ፤ ዛሬ በዮፍታሔ ንጉሤ ስም የሚጠራው ትምህርት ቤት የዚያ ወራሽ ነው። ዘመኑ የኪነት ዘመን ነበር። በየቀበሌው ቡድን ይቋቋም ነበር። ይዘቱን የሚወስነው መንግሥት ስለነበር ነፃነቱ ጠባብ ነበር፤ ተመራቂው ግን ሥራ አይፈልግም፣ ይመደባል። ተማሪው ምርጫውን አጣ፣ ደመወዙን ግን አገኘ።

ከ1983 በኋላ ምደባው ቀረ። ቀጥሎ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 እና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 ወጡ። የወጪ መጋራት የሚባለው ሥርዓት ተጀመረ። ሐሳቡ አውስትራሊያ በ1989 እ.ኤ.አ. ከጀመረችው ዘዴ ጋር ይቀራረባል፦ አሁን ተማር፣ ስትሠራ ክፈል። ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ ቢያንስ 15 በመቶ፣ ምግቡንና መኝታውን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይጋራል። ከተመረቀ በኋላ ቀጣሪው ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየቆረጠ ያስገባል። ጊዜው ቢበዛ 15 ዓመት ነው።

እዚህ ላይ ሒሳቡን ረጋ ብሎ ማየት ይገባል። ምግብና መኝታ ለሁሉም ያው ነው። የቴአትር ተማሪና የኢንጂነሪንግ ተማሪ የሚበሉት እንጀራ አንድ ነው፤ የሚተኙበትም አልጋ አንድ ነው። ስለዚህ ቴአትር የተማረ ልጅ ዕዳው ከጓደኞቹ ብዙም አይለይም። የሚለየው ገቢው ነው። ደመወዙ 10,000 ብር ከሆነ በወር 1,000 ብር ይቆረጥበታል፤ ወር በመጣ ቁጥር ደመወዝ ካለው ማለት ነው።

ችግሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። ደንቡ የተጻፈው ደመወዝተኛን እያሰበ ነው። ተዋናይ በዝግጅት፣ ጸሐፊ በድርሰት፣ አዘጋጅ በሥራ ይከፈለዋል። አንድ ወር ያገኛል፣ ሦስት ወር ያጣል። የሚቆርጥለት ፔይሮል የለም። ዕዳውን ሳይጨርስ ግን ዋናው ዲግሪ እጁ አይገባም፤ ዲግሪው ካልተለቀቀ ደግሞ ቋሚ ሥራ ማግኘት ይከብዳል። ቋሚ ደመወዝ የሚከፍሉት የመንግሥት ቴአትር ቤቶችም በአብዛኛው ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ ከአሪቻ ለመጣ ልጅ ይህ የቤት ኪራይ ማለት ነው።

የአሪቻ ገበሬ ይህን ሕይወት ከማንም በላይ ያውቀዋል። ገቢው እንደ ተዋናዩ ወቅት ጠባቂ ነው። ልዩነቱ ገበሬው ከቡናው ሥር እንሰት አለው። ቡናው ሲከዳው እንሰቱ ያቆየዋል። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2016 መጀመሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም ይኸው ቡናን፣ እንሰትንና ዛፍን አብሮ የማኖር ጥበብ ስላለው ነው። የቴአትር ተመራቂው ግን ቡና ብቻ ተክሎ እንዲኖር ነው የተፈረደበት።

መውጫው በታሪኩ ውስጥ አለ። የ1957ቱ ዩኒቨርሲቲ ዕዳ በአገልግሎት ሊከፈል እንደሚችል አሳይቷል። የወጪ መጋራት ሥርዓቱም ቢሆን እንደ መምህርነት ላሉ ሙያዎች ይህን በር አልዘጋም። ታዲያ በሩ ለቴአትር ተመራቂ ለምን በሰፊው አይከፈትም? በይርጋ ጨፌና በዲላ ትምህርት ቤቶች የድራማ ክበብ የሚመራ፣ የዳራሮን በዓልና የሶንጎን ሸንጎ ከሽማግሌዎች አፍ የሚመዘግብ፣ በጌዴኡፋ ቴአትር የሚያዘጋጅ ሰው ያስፈልጋል። ሁለት ወይም ሦስት ዓመት እንዲህ ያገለገለ ልጅ ዕዳውን ከፍሏል ቢባል መንግሥት የሚያጣው ብር ትንሽ ነው። ብሩ እንደሆነ ደመወዝ ከሌለው ሰው ድሮም አይሰበሰብም።

እስከዚያው ድረስ ግን ለአሪቻው አባት እውነቱ ይነገረው። ልጁ ቴአትር ቢማር የሚሸከመው ዕዳ ከሌላው አይበልጥም። የሚጎድለው ዕዳውን የሚከፍልበት ነው። ልጁ ከመድረኩ ጎን ሌላ ሙያ ከያዘ፣ ማስተማርም ይሁን ቪዲዮ ማቀናበር ወይም የሬዲዮ ሥራ፣ እሱም እንሰቱን ተከለ ማለት ነው። ይህን ምክር ጌዴኦ ውስጥ የማይረዳ አባት የለም።