ስለ ቍስል መድኃኒት

ወንጌላዊው ሉቃስ ባለ መድኃኒት ነበረና፥ ደጉ ሳምራዊ በመንገደኛው ቍስል ላይ ዘይትና ወይን ማፍሰሱን ሳይጽፍ አላለፈም። መተርጕማን ዘይቱንና ወይኑን በልዩ ልዩ ምሥጢር ይፈቱታል፤ እኛ ግን ለጊዜው ስለ ቍስሉ እንናገራለን። ቍስልን በወይን ማጠብ በግሪክ ሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ሕክምና ነበረ። ኢሳይያስም የበለስ ጥፍጥፍ በንጉሥ ሕዝቅያስ እባጭ ላይ እንዲደረግ አዝዟል።

የአገራችን ደብተሮችም የዕፀዋትን ስም ከነጥቅማቸው ጽፈው አቈይተውልናል፤ ከመጻሕፍታቸው አንዱን ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል በ1930 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) በፓሪስ አሳትሞታል። ከዕፀዋቱ አንዱ ሬት ነው። ከቅጠሉ ውስጥ የሚገኘው ጥርት ያለ ዝልግልግ ለቀላል ቃጠሎ ይቀባል፤ ከልጡ ሥር የሚወጣው ቢጫ መራራ ፈሳሽ ግን ቈዳን ይቈጠቍጣል፥ ቢጠጡትም ሆድን ያስቀምጣል። ስለዚህ ከአንዱ ቅጠል መድኃኒቱንና ጕዳቱን መለየት ያስፈልጋል። የቍልቋል ወተት ደግሞ ወደ ዐይን ቢገባ እስከ ማሳወር ይደርሳል።

ወይን ቍስልን ለምን እንደሚረዳ ግን እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ በትክክል የተረዳ አልነበረም። ሊስተር የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም የፓስተርን ትምህርት አንብቦ፥ በ1865 በግላስጎ ከተማ እግሩ የተሰበረውን የ11 ዓመት ልጅ ቍስል ካርቦሊክ አሲድ በነከረው ጨርቅ ሸፈነው፤ ልጁም ሳይመግል ዳነ። ቍስልን የሚያመግሉት በዐይን የማይታዩ ረቂቃን ሕያዋን መሆናቸውም ከዚያ ወዲህ ታመነ።

የአባቶቻችን ቅጠል ጥፋት ቢኖርበት፥ አብዛኛው ከዚህ በኩል ነው። ቅጠሉ ሳይታጠብ ይወቀጣል፤ አፈርም ይከተለዋል፤ አንዳንዱም እበት ይጨምርበታል፥ ይባስ ብሎም በተወለደ ሕፃን እትብት ላይ ያደርገዋል። የመንጋጋ ቆልፍ ዘር የሚኖረው በአፈርና በእበት ውስጥ ነው፤ ጃፓናዊው ኪታሳቶ በ1889 በበርሊን ለይቶ አሳደገው። ይህ ዘር አየር በሌለበት ይለመልማልና፥ ሰው የናቃት ጠባብና ጥልቅ የእሾህ ወግ ከሰፊ ቍስል ይልቅ ትመቸዋለች። እንዲህ ያለችውን ቍስል በውሃና በሳሙና አጥቦ ወደ ክትባት መሄድ እንጂ በቅጠል መድፈን አይገባም።

እናት የተከተበች እንደ ሆነ ኃይሉ በማሕፀን ሳለ ለልጇ ይተላለፋል። በዚህ ክትባትና በንጹሕ አዋላጅነት ኢትዮጵያ በ2017 የእናቶችንና የአራስ ሕፃናትን መንጋጋ ቆልፍ በየወረዳው በሕይወት ከሚወለዱ ከሺህ ሕፃናት ከአንድ በታች እንዳደረሰች ተመስክሮላታል። ዘሩ ግን ዛሬም በአፈሩ ውስጥ አለ።