ንጉሡ ረትቶ የተሸነፈበት የ20 ሺሊንግ ክስ

የክርክሩ ገንዘብ 20 ሺሊንግ፣ ማለትም አንድ ፓውንድ ነበር። እንዲከፍል የተጠየቀው ጆን ሃምደን በእንግሊዝ በኪንግሃምሻየር አውራጃ ሰፊ ርስት ያለው ባለጸጋና የቀድሞ የፓርላማ አባል ስለነበር አንድ ፓውንድ አያስጨንቀውም። ሆኖም አልከፍልም አለ። እ.ኤ.አ. በ1637 መገባደጃ ጉዳዩ የአገሪቱ 12 ከፍተኛ ዳኞች በሙሉ በተሰየሙበት ችሎት ቀረበ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።)

ግብር የሚጥለው የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ብቻ ነው የሚለው መርህ በተነሳ ቁጥር የዚህ ሰው ስም አብሮ ይነሳል። ስለዚህ ብዙ ሰው ሃምደን ክሱን ያሸነፈ ይመስለዋል። አላሸነፈም፤ ተረትቷል። የግብር ሕግን ታሪክ የለወጠው ደግሞ መረታቱ፣ በተለይም የተረታበት መንገድ ነው።

ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ ከ1629 ጀምሮ ለ11 ዓመታት ፓርላማ ሳይጠራ ገዛ። ፓርላማ ከሌለ አዲስ ግብር የለም። ገንዘብ ግን ያስፈልጋል። የቤተ መንግሥቱ የሕግ ሰዎች አሮጌ መዛግብት ሲያገላብጡ ካገኟቸው ነገሮች አንዱ «የመርከብ ገንዘብ» ነው። ጥንት የጦርነት ስጋት ሲኖር የወደብ ከተሞች ለንጉሡ መርከብ ከነመርከበኛው ያቀርቡ ነበር። በ1634 ንጉሡ ይህንኑ የወደብ ከተሞችን ጠየቀ፤ ብዙም ጫጫታ አልተሰማም። በቀጣዩ ዓመት ግን ትእዛዙ ባሕር ወደማይነካቸው አውራጃዎች ሁሉ ሄደ። በኪንግሃምሻየርም አንዷ ናት። ከዚያም በ1636፣ በ1637 ተደገመ። አገሪቱ የታወጀ ጦርነት ላይ አልነበረችም። የአደጋ ጊዜ መዋጮ የተባለው ነገር ቀስ በቀስ ዓመታዊ ግብር ሆኖ አረፈው።

ለንጉሡም ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። የተሰበሰበው ገንዘብ ለድግስ አልዋለም፤ በእርግጥም ለባሕር ኃይሉ ነው የወጣው። ስለዚህ በችሎቱ ፊት የቀረበው ጥያቄ ገንዘቡ የት ገባ የሚል አልነበረም። ማን ፈቀደ የሚል ነው።

ሃምደን ችሎት ፊት ሲቀርብ ውሳኔው ከሞላ ጎደል ታውቋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1637 ፌብሩዋሪ ላይ ንጉሡ ለ12ቱ ዳኞች ጥያቄ ልኮላቸው ነበር፤ መንግሥት አደጋ ላይ ሲሆን ተገዢዎቼን ሁሉ መርከብ አቅርቡ ብዬ ማዘዝ እችላለሁን? አደጋ መኖሩን የምወስነውስ እኔ ብቻ አይደለሁምን? ዳኞቹ ትችላለህ ብለው ፈርመዋል። ሁለቱ፣ ክሩክና ሃተን፣ የፈረሙት በድምፅ ብልጫ ተገደው ነበር።

የሃምደን ጠበቃ የኦሊቨር ሴንት ጆን ብልህነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ንጉሡ አገር የመጠበቅ ሥልጣን የለውም አላለም። አደጋን የሚመዝነው ንጉሡ መሆኑንም አልካደም። ያነሳው የመንገድ ጥያቄ ነው፦ ንጉሡ ፍርድ የሚሰጠው በፍርድ ቤቶቹ በኩል እንደሆነ ሁሉ፣ ከሰው ንብረት ላይ የሚወስደውም በፓርላማው በኩል ነው። ቀጥሎ ቀን ወደ መቁጠር ገባ። ትእዛዙ የተጻፈው በ1635 ኦገስት 4 ነው። መርከቦቹ ዝግጁ እንዲሆኑ የታዘዘው ለማርች 1 ነው። በመካከሉ ሰባት ወር ገደማ አለ። ፓርላማ ለመጥራት የሚያስፈልገው የ40 ቀን ማስጠንቀቂያ ነው። መርከብ እስኪዘጋጅ ሰባት ወር የሚታገሥ አደጋ፣ ፓርላማ እስኪሰበሰብ 40 ቀን መታገሥ እንዴት አቃተው? በዚያ ሁሉ የላቲን ጥቅስ በተሞላ ክርክር ውስጥ ማንም ገበሬ ሊገባው የሚችል ነጥብ ይህ ነበር።

በ1638 ፍርዱ ተሰጠ፤ ሰባት ለአምስት፣ ለንጉሡ። ከአምስቱም ቢሆን መርሁን ፊት ለፊት የተቃወሙት ክሩክና ሃተን ሲሆኑ፣ ከሌሎቹ ሦስት ሁለቱ በሥነ ሥርዓት ነጥብ ነው የተለዩት። ክሩክ ከንጉሡ ቁጣ ይልቅ ኅሊናውን እንዲሰማ ያበረታችው ሚስቱ ናት ይባላል።

ሰባቱ ዳኞች ዝም ብለው «ይክፈል» ቢሉ ኖሮ ታሪኩ ምናልባት እዚያው ያበቃ ነበር። ነገር ግን ዳኛ ምክንያት መስጠት አለበት፤ ምክንያታቸው ደግሞ ከግብሩ የባሰ ሆነ። ዳኛ በርክሌይ ሕግ ንጉሥ ነው ሲባል ሰምቼ አላውቅም፣ ንጉሥ ሕግ ነው ማለት ግን እውነት ነው አለ። ዋና ዳኛ ጆን ፊንች ይበልጥ ሄደ፤ ንጉሡን አገር ከመከላከል ሥልጣኑ የሚያግድ የፓርላማ ሕግ ቢወጣ እንኳ ዋጋ የለውም አለ። ይህ ፊንች በ1629 የታችኛው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ነበር። ስብሰባውን በንጉሡ ትእዛዝ ሊበትን ሲነሳ አባላቱ ወንበሩ ላይ ጨቁነው ይዘውት፣ ያለ ፓርላማ ፈቃድ የሚሰበሰብ ቀረጥን የሚያወግዝ ውሳኔ አሳልፈዋል። ያን ቀን የረሳው አይመስልም።

በኋላ የንጉሡ ወገን የሆነው ክላረንደን በታሪክ መጽሐፉ ጉዳዩን በደንብ አይቶታል። ሰው ንጉሡን የሚረዳ መስሎት ሲከፍል ሳለ፣ መክፈሉ ግዴታ መሆኑን በችሎት ሲሰማ፣ ያውም ማንም ቆሞ ያዳመጠ ሰው ሕግ እንዳልሆነ ሊምልበት በሚችል ምክንያት፣ ያን ጊዜ ንብረቱ የራሱ አለመሆኑ ገባው ይላል። ፍርዱ ከንጉሡ ይልቅ ተፈራጁን ጠቀመ።

የመርከብ ገንዘብ ገቢ ከዚያ በኋላ በፍጥነት አሽቆለቆለ። በስኮትላንድ የተነሳው አመፅ ንጉሡን በ1640 ፓርላማ እንዲጠራ አስገደደው። በ1641 ፓርላማው የመርከብ ገንዘብ ሕገ ወጥ፣ በሃምደን ላይ የተሰጠውም ፍርድ ከንቱ መሆኑን በሕግ ደነገገ። ፊንች ወደ ሆላንድ ሸሸ። በርክሌይ ችሎት ላይ ተቀምጦ ሳለ ተያዘ። ሃምደን ግን ብዙ አልቆየም፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሳ ከፓርላማው ወገን ተሰልፎ በ1643 በደረሰበት ቁስል ሞተ። ያለ ፓርላማ ፈቃድ ገንዘብ መሰብሰብ ሕገ ወጥ ነው የሚለው ቃል በ1689 በእንግሊዝ የመብቶች ሕግ ውስጥ ሰፈረ።

መጻፉ ግን አልበቃም። ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ የታችኛው ምክር ቤት ኮሚቴ የውሳኔ ሐሳብ ሲያሳልፍ ሕጉ ገና ሳይወጣ ግብሩን መቁረጥ የተለመደ አሠራር ሆኖ ነበር። ጊብሰን ቦውልስ የተባለ ፖለቲከኛ የእንግሊዝ ባንክን በዚህ ከሰሰና በ1912 ረታ፤ ውሳኔ ሐሳብ ሕግ አይደለም ተባለ። መንግሥት በ1913 አሠራሩን የሚፈቅድ ሕግ ለማውጣት ተገደደ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ክርክሩ ወተት ላይ ደረሰ። የምግብ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ወተት ለመግዛት ፈቃድ የሚሰጠው በጋሎን ሁለት ፔንስ ሲከፈለው ነበር። በእኛ አነጋገር በመመሪያ እንጂ በአዋጅ የመጣ ክፍያ አይደለም። አንድ የወተት ድርጅት ተስማምቶ ፈቃዱን ወሰደ፣ ክፍያውን ግን ተወው። መንግሥት ከሰሰው፤ በ1922 እስከ መጨረሻው ፍርድ ቤት ደርሶ ተሸነፈ። ክፍያው ምንም ስም ይሰጠው፣ ከፋዩም ይስማማ አይስማማ፣ ፓርላማ ያልፈቀደው ግብር ነው ተባለ።

አንድ ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቆየ፦ ሕገ ወጥ ግብር አንዴ ከተከፈለስ? ዉልዊች የተባለ የቤት ቁጠባና ብድር ማኅበር፣ ኋላ ውድቅ በተደረገ ደንብ መሠረት 57 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ እየተቃወመ ከፍሎ ነበር። ዋናው ገንዘብ ተመለሰለት፤ መንግሥት ዘንድ ለቆየበት ጊዜ ሁሉ ግን ወለድ አልታሰበለትም። መንግሥት ገንዘቡን የመለስኩት በፈቃዴ እንጂ ተገድጄ አይደለም ሲል ተከራከረ። በ1992 የጌቶች ምክር ቤት ዳኞች ሦስት ለሁለት ለማኅበሩ ፈረዱ። ያለ ሕግ የተወሰደ ግብር ለከፋዩ የሚመለሰው በመብት ነው አሉ፤ ሎርድ ጎፍም ይህን ሲያስረዳ ወደዚያው ወደ 1689ኙ የመብቶች ሕግ ነበር የተመለሰው።