የምሥራቅ አዲስ አበባ የእርሻ ዘመን

ዛሬ በቦሌ፣ በየካና በለሚ ኩራ ክፍለ ከተሞች የተያዘው ሜዳ ከሁለት ትውልድ በፊት የእህል አገር ነበር። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሚደርሰው የእንጦጦ ተራራ ወደ ደቡብ ሲወረድ መሬቱ ዝቅ እያለ ቦሌ ላይ 2,300 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከተራራው የሚነሡት ወንዞችም ይህን ሜዳ አቋርጠው ወደ አቃቂ ይወርዳሉ። ሜዳው በአብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው፤ የገበሬውን ኑሮ ከምንም በላይ የወሰነውም ይኸው አፈር ነበር።

ዋልካ በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይጣበቃል፣ በሬ ያሰምጣል። የአካባቢው የቱለማ ኦሮሞ ገበሬዎች የዘር ጊዜያቸውን ከዚህ ጠባይ ጋር አስማሙ። ማሳው ደጋግሞ ይታረስና ጤፍ ከመዘራቱ በፊት ከብት ይነዳበታል፤ ካልተረገጠ ደቃቋ ዘር በጓል መካከል ተቀብራ ትቀራለች። ሽንብራና ጓያ ግን የሚዘሩት ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ነው፤ የሚያፈሩትም አፈሩ በያዘው እርጥበት ነው። ይህ በዘመናት ልምድ የተገኘ ታላቅ ዕውቀት ነበር።

ከተማዋ ለገበሬው መጀመሪያ የሆነችው ገበያ ነው። እህል፣ ቅቤና ኩበት በአህያ ተጭኖ ሾላ ገበያ ይገባ ነበር። ጭዱም አይጣልም፤ የአዲስ አበባ የጭቃ ቤቶች ግድግዳ የተመረገው በጤፍ ጭድ በተቦካ ጭቃ ነው። ይሁን እንጂ ብዙው አራሽ ጭሰኛ ስለነበር ከምርቱ ከፍሎ ለባለመሬቱ ይሰጥ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሥርዓት ሽሮ ገበሬውን በገበሬ ማኅበር አደራጀ።

ከተማዋ ወደ ምሥራቅ እንድትሳብ ያደረጋት አውሮፕላን ማረፊያው ነው። የቀድሞው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ጄት ማስተናገድ ስላልቻለ ቦሌ ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹ ቦይንግ 720 ጄቶች ሥራ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ገርጂ፣ ሲኤምሲ፣ አያት፣ ሰሚትና ቦሌ አራብሳ በቤት ተሞሉ። የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2006፣ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚደርሰው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። ዋልካው ግን ለግንበኛም አልተመቸም፤ መሠረት ሲወጣ ተቆፍሮ ይጣልና በምትኩ ሰሌክት የሚባል የተመረጠ አፈር ይሞላል።

በዚህ መስፋፋት ከመሬቱ ለተነሣው ገበሬ የሚከፈለውን ካሣ አዋጅ 455/1997 በአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢ አሥር እጥፍ ተመነው፤ አዋጅ 1161/2011 ከሦስት ዓመት ገቢ ከፍተኛውን ወስዶ አሥራ አምስት እጥፍ አደረሰው። ማሻሻያው ተገቢ ቢሆንም፣ ብዙው ማሳ ኮንዶሚኒየም ከሆነ በኋላ የመጣ ነው። ከእርሻ በቀር ሌላ ሙያ ያልነበራቸው ብዙ አባወራዎች በገዛ መሬታቸው ላይ በተሠሩ ሕንፃዎች የጥበቃና የቀን ሥራ ገቡ፤ ጥቂቶች ላም አርብተው ለአዲሶቹ መንደሮች ወተት መሸጥ ያዙ።