የለስላሳ ታክስ፦ ለካዝና ወይስ ለጤና?

ከደሴ ተነስቶ ሐይቅን፣ ውጫሌንና ውርጌሳን አልፎ መርሳ የሚደርሰው፣ ከዚያም በስሪንቃ በኩል ወልድያ የሚገባው መንገድ ለሀብሩ ሰው የለስላሳም መንገድ ነው። ደሴ ላይ የፔፕሲ ፋብሪካ አለ። የመንግሥት የነበረው ይህ ፋብሪካ በ1988 ዓ.ም. ከአዲስ አበባዎቹና ከጎንደሩ ጋር ተሽጦ በሞሐ የለስላሳ መጠጦች ኢንዱስትሪ ሥር ገባ። ገዥው ሼህ መሐመድ አል አሙዲ ወልድያ ያደጉ ናቸው፤ የከተማዋ ስታዲየም በስማቸው ይጠራል። ስለዚህ «ለስላሳ ጤና ይጎዳልና ታክስ ይጣልበት» የሚለው ክርክር ለሰሜን ወሎ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ብዙዎች ይህን ታክስ ከውጭ የመጣ አዲስ ሐሳብ ያደርጉታል። ኢትዮጵያ ግን ሜክሲኮ በስኳር መጠጥ ታክሷ ስሟ ከመነሳቱ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድማ ለስላሳን ትቀርጥ ነበር። የቀረጠችበት ምክንያት ነው ሌላ።

የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው፤ ኮካ ኮላ አዲስ አበባ ውስጥ መታሸግ የጀመረው ደግሞ እ.አ.አ. በ1959። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የመንግሥት ጭንቀት የስኳር መብዛት ሳይሆን ማነስ ነበር። በደርግ ዘመን ስኳር በቀበሌ በኩል በራሽን ይታደል ነበር። ለስላሳም የሰርግና የእንግዳ መጠጥ ነበር። ብርቅ የሆነ ነገር ደግሞ እንደ ቅንጦት መቀረጡ የተለመደ ነው።

የ1995ቱ አዋጅ ቁጥር 307 ይህን አስተሳሰብ በግልጽ ያሳያል። መግቢያው ሦስት ዓይነት ዕቃዎችን አንድ ላይ ያስቀምጣል፦ የቅንጦት ዕቃዎችን፣ ቢወደዱም ሰው መግዛቱን የማይቀንስባቸውን መሠረታዊ ዕቃዎች፣ እንዲሁም ጤና የሚጎዱ ዕቃዎችን። ለስላሳ ላይ 40 በመቶ ተጣለ። የታሸገ ውሃና ጨው ላይም 30፣ 30 በመቶ ተጣለ። ለስላሳውን ትቶ የታሸገ ውሃ ልጠጣ ያለም ይከፍላል ማለት ነው። ይህ ስሌት ከጤና ይልቅ ለካዝና ያደላል።

በየካቲት 2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1186 ሲጸድቅ የብዙ ሰው ጆሮ የነበረው ያገለገሉ መኪኖች ላይ ነው። የለስላሳው ታክስ ወደ 25 በመቶ ወረደ። መውረዱ ግን ለዓይን ነው፤ የድሮው የሚሰላው በማምረቻ ወጪ ላይ ነበር፣ አዲሱ ፋብሪካው በሚሸጥበት ዋጋ ላይ ነው። ለምሳሌ 10 ብር ወጪ የፈጀ ጠርሙስ በድሮው ስሌት 4 ብር ይከፍላል። ፋብሪካው ያንኑ ጠርሙስ 16 ብር ቢሸጠው በአዲሱም 4 ብር ነው።

ቁም ነገሩ ወዲህ ነው። ይኸው አዋጅ የምግብ ዘይትና ቅባትን በያዙት የስብ ዓይነትና መጠን ሲለይ፣ ለስላሳ ውስጥ ያለውን ስኳር አልመዘነም። ብዙ ስኳር ያለበትም ትንሽ ያለበትም በመቶኛ እኩል ይከፍላል። ስኳር የቀነሰ ፋብሪካ ከታክሱ የሚያተርፈው ነገር የለም።

ሌላ አገር የታየው ይህን ልዩነት ያጎላዋል። ሜክሲኮ እ.አ.አ. በ2014 በሊትር 1 ፔሶ ጣለች፤ የተቀረጡት መጠጦች ግዢ በመጀመሪያው ዓመት 5.5፣ በሁለተኛው 9.7 በመቶ ያህል ቀነሰ። ብሪታንያ እ.አ.አ. በ2018 የጀመረችው ታክስ ግን በስኳር መጠን ደረጃ የተከፈለ ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር ከ5 ግራም በታች ስኳር ያለው አይከፍልም። ብዙ አምራቾች ታክሱ ሥራ ላይ ሳይውል ስኳራቸውን ቀነሱ። ጠጪው ልማዱን ሳይለውጥ የሚጠጣው ስኳር አነሰለት።

ተገቢ ተቃውሞ አለ። በሀብሩ ገጠር ስኳር ቤት የሚገባው ከጠርሙስ ይልቅ ከሻይ ጋር ነው፤ በድግስ ደግሞ ቀሪቦ አለ። ፋብሪካ በር ላይ የሚሰበሰብ ታክስ የቀሪቦ ጋን አይደርስበትም። መርሳ ወይም ወልድያ ከአውቶቡስ የሚወርድ መንገደኛም ለስላሳ የሚያዘው ጣፋጭ ስለወደደ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የታሸገ ነገር ሆድ አያሳምምም ብሎም ነው። ንጹሕ ውሃ በቀላሉ ካላገኘ ታክሱ ኪሱን ያሳሳል እንጂ ምርጫ አይሰጠውም።

ስለዚህ ታክሱ ጤና ያሻሽላል ወይ ለሚል ሰው መልሱ አሠራሩ ላይ ነው። የኢትዮጵያው አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ በመቶኛ ስለሚሰላ የዋጋ ንረት አይበላውም። የጎደሉት ሁለት ናቸው፦ ስኳሩን መመዘን፣ ከገቢውም ለትምህርት ቤትና ለመናኸሪያ የመጠጥ ውሃ ማውጣት። እነዚህ እስኪሟሉ ድረስ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚጫነው እያንዳንዱ ሳጥን ላይ የሚከፈለው በዋናነት የገቢ ታክስ እንጂ የጤና ታክስ ሊባል አይችልም።