ጥቁሩ ስክሪን

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ላፕቶፔን ሪስታርት ሳደርገው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። አዲስ የሊኑክስ ከርነል ጭኜ ነበር፤ የግራፊክስ ድራይቨሩን ሞጁል ግን ለሱ እንዲስማማ እንደገና አልገነባሁትም። ጥፋቱ የኔው ነው። ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ3 ተጭኜ በጽሑፍ ብቻ ወደሚሠራው ተርሚናል ገባሁ። አስተካክዬ ስጨርስ ሊነጋ ነው።

ያቺ ሌሊት ግን አንድ ጥያቄ ጥላብኝ ሄደች፦ ድራይቨርና ከርነል ለምን አብረው አያድጉም?

ነገሩ ታሪክ አለው። የሊኑክስ ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው። ኤንቪዲያ ግን የድራይቨሩን ኮድ ለዓመታት ዘግቶ ያዘ። ውስጡን ማየት የማይችሉት የከርነሉ ሰዎች ሲበላሽ ሊጠግኑት አልቻሉም።

ኑቮ የተባለው ፕሮጀክት በጎ ፈቃደኞች ሌላ መንገድ መረጡ። ማኑዋል የሰጣቸው የለም፤ ስለዚህ ዝጉ ድራይቨር ለካርዱ የሚልከውን ትእዛዝ እየተከታተሉ ቋንቋውን ፈቱ። ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ከርነል 2.6.33 ውስጥ ገባ።

በ2012 የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ፊንላንድ ውስጥ በአልቶ ዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ፣ ካሜራ እየቀረጸው፣ ለኤንቪዲያ የመሃል ጣቱን አሳየ። ኩባንያው የከርነል ሞጁሎቹን ኮድ የከፈተው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2022 ነው። ያኔም ሁሉንም አልከፈተም፤ ፈርምዌሩ ዝግ ሆኖ ቀረ።

እኔ ያን ሌሊት የዳንኩት ስህተቱ እጄ ላይ ስለነበረ ነው። ስህተቱ ዝግ ኮድ ውስጥ ቢሆን ኖሮ፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ብሆን፣ ያለኝ አማራጭ ደጅ መጥናት ነበር።