ከቡና ለቀማ ጋር ያደገ የጓዳ ንግድ

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ቡና ሲቀላ እንግዳ ይበዛል። ለቃሚው ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፤ ምጣድ ተሸክሞ የሚመጣ ግን የለም። ኪሱ ሳንቲም የገባለት፣ ቤቱ የራቀው ሰው መብላትና መጠጣት አለበት። የአካባቢው የጓዳ ንግድ ያደገው በዚህ ሰው ነው።

ምድሪቱ ቀድሞም የራሷ ሙያ ነበራት። ሴቶች እንሰት ፍቀው ቆጮ ያብላላሉ፣ ጎደሬ ይቀቅላሉ፣ የቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ከቃሪያ ጋር ያፈላሉ። በ1889 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ወደ ከፋ ከዘመተ በኋላ ወታደርና ነጋዴ በዚህ አካባቢም በየቦታው ሲከትም፣ የእንጀራና የጠላ ሙያም አብሮ ወረደ።

ከሁሉም ቀላሉ መነሻ ጠላ ነበር። ጋን፣ ብቅል፣ ጌሾና እህል ካለ ሱቅ መከራየት አያስፈልግም፤ ደጃፍ ላይ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ማስታወቂያ ነው። ችግሩ ጊዜ ነው። ጥንስሱ ለመድረስ ቀናት ይፈጃል፣ ከደረሰ በኋላም ይኮመጥጣል። ስለዚህ ጠማቂዋ የገበያውን ቀን አስልታ ወደ ኋላ መቁጠር አለባት። ይህ ስሌት በየትኛውም ትምህርት ቤት ቢሰጥ ንግድ ይባል ነበር፤ በጓዳ ስለተሠራ ብቻ ለረጅም ጊዜ ሙያ እንጂ ንግድ ተብሎ አልተቆጠረም። አተላውም አይጣልም፣ ለከብት ይሆናል። ትርፉ እቁብ ይገባል፤ እቁቡ ሲወጣ ሌላ ጋን ይገዛል።

በደርግ ዘመን ገበያው ሰፋ። የበበቃ የመንግሥት ቡና እርሻ ብዙ የቀን ሠራተኛ ይፈልግ ነበር። በ1977 እና 1978 ዓ.ም. ደግሞ በድርቁ ሳቢያ 600 ሺህ ገደማ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲሰፍር፣ ከፋ ክፍለ ሀገርም የድርሻውን ተቀበለ። የጤፍ እንጀራ የለመደ እጅ በቆሎ በሚበቅልበት አገር ዱቄት መቀላቀልን ተማረ።

በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ደንበኛ አመጣ፤ ተማሪና መምህር ከለቀማ ወቅት ውጭም ይበላሉ። የእንጀራ ጋጋሪዋ ገቢ በቡና ወቅት ብቻ መንጠልጠሉ ቀረ።

ቅመሙ ግን ገና የጓዳ ንግድ አልሆነም። ኮረሪማና ጥምዝ በዚህ ጫካ ይበቅላሉ፤ አገር አቀፍ የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከልም ቴፒ ይገኛል። ሆኖም ኮረሪማው በብዛት ከነቆዳው ተጭኖ ይወጣል፤ ተፈልፍሎ፣ ተቆልቶና ተፈጭቶ ከሚጥሚጣ ጋር የሚዋሐደው ሌላ ከተማ ነው። በጥሬው ብቻ መሸጥ ምን ያህል እንደሚያጋልጥ ዝንጅብል አሳይቷል፦ በ2004 ዓ.ም. የባክቴሪያ አጠውላጊ በሽታ የደቡብን ማሳዎች ሲመታ፣ በጥሬ ዝንጅብል ሽያጭ ብቻ የተማመነ ገበሬ ገቢው ተመናመነ።